ገንዳውን አትናቁት

ውድ ልጆቼ፣

የውሃ ውስጥ ሮቦት መሥራት የጀመረ ሰው ልቡ ባሕር ባሕር ይላል። እኔም እንደዚያ ነበርኩ። የፍተሻ ገንዳው ጊዜ የሚያባክን ይመስለኝ ነበር።

አንድ ቀን ለ1,000 ሜትር ጥልቀት የሠራነውን፣ የሮቦቱን ሰርኪት ከውሃ የሚጠብቀውን ቱቦ ግፊት መፈተሻ ታንክ ውስጥ ከተትነው። ባሕር ውስጥ በየ10 ሜትሩ አንድ የከባቢ አየር ግፊት ይጨመራል፤ እዚያ ጥልቀት ላይ 100 ይደርሳል ማለት ነው። ስናወጣው ውስጡ ውሃ ነበር። ክዳኑን ከፍተን ውሃ እንዳይገባ የሚያሽገውን የጎማ ቀለበት፣ ኦሪንጉን፣ በማጉያ አየነው። አንዲት ፀጉር ተጋድማበታለች። ግሪስ የቀባሁት እኔ ነበርኩ። ደግነቱ ሰርኪቱን ገና አላስገባንም።

ባሕር ላይ ቢሆንስ? ኔሪየስ የተባለው ሮቦት በ2009 የውቅያኖስን ጥልቅ ቦታ፣ ቻሌንጀር ዲፕን፣ ነክቶ የተመለሰ ነው። በ2014 ግን ከኒውዚላንድ ሰሜን ምሥራቅ፣ 9,900 ሜትር ገደማ ላይ ሳለ ጠፋ። ስብርባሪው ተንሳፎ ተገኘ። ግፊቱ ሳይጨፈልቀው አልቀረም። እስካሁን ሳስበው ያመኛል።

ገንዳ ሁሉን ያሳያል አልላችሁም። ድምፅ ግድግዳውን እየመታ ስለሚመለስ ሶናሩ፣ በድምፅ ማሚቶ አካባቢውን የሚያየው መሣሪያ፣ ይደናገራል። የባሕር ውሃ ደግሞ በጨው የተነሳ 2.5 በመቶ ያህል ይከብዳል። ገንዳ ውስጥ ሳይሰጥም ሳይንሳፈፍ ባለበት የቆመ 100 ኪሎ ሮቦት ባሕር ላይ አልሰጥም ይላል፤ 2.5 ኪሎ ያህል ክብደት ጨምሩለት። ስለዚህ ከገንዳ ወደ ሐይቅ፣ ከዚያ ወደ ወደብ፣ ቀስ በቀስ ሂዱ።

ዕድሉን ካገኛችሁ ትልልቆቹን ቦታዎች እዩ። ሂዩስተን ያለው የናሳ የጠፈርተኞች መለማመጃ ገንዳ 12 ሜትር ይጠልቃል፤ የተማሪዎች የሮቦት ውድድር ተካሂዶበታል። ካሊፎርኒያ፣ ሞንተሬይ ባሕረ ሰላጤ ውስጥ ደግሞ 891 ሜትር ላይ የተቀመጠ ጣቢያ አለ። 52 ኪሎ ሜትር ኬብል ከየብስ መብራትና ዳታ ያደርስለታል። አዲስ መሣሪያ እዚያ ተሰክቶ እውነተኛው ባሕር ውስጥ ይፈተሻል። እንዲህ ያለ ቦታ ስንት ሥራ እንደሚያድን!

እስከዚያው ግን አንድ ነገር ልለምናችሁ። ቱቦውን ከዘጋችሁ በኋላ አየሩን በእጅ ፓምፕ ሳቡት። የመለኪያውን ቁጥር ጻፉ። ሩብ ሰዓት ጠብቁ። መርፌው ንቅንቅ ካለ የሆነ ቦታ ያፈሳል ማለት ነው፤ ክፈቱት። ጀልባው ሞተሩን አስነስቶ እናንተን ብቻ እየጠበቀ ቢሆንም ክፈቱት።