ሊትሩን ከመጠየቅዎ በፊት የሮቶዎን ከፍታ ይለኩ

ጥያቄ፦ የምንኖረው ባህር ዳር፣ ሽምብጥ ነው። አራት ነን። መብራት ሲጠፋ የኤሌክትሪክ ሻወሩ ዋጋ የለውም። ስለዚህ በሲሊንደር ጋዝ የሚሠራ፣ ውሃ ሲከፈት ወዲያው የሚያሞቅ ሂተር ልንገዛ አስበናል። ገንዘባችን ብዙ አይደለም። ሱቅ ውስጥ ባለ 6፣ ባለ 8 እና ባለ 10 ሊትር አሳዩን። ከሁሉም ርካሹ ጢስ ማውጫ የሌለው ነው፤ ሻጩ «መታጠቢያ ቤት ውስጥ ብትሰቅሉትም ችግር የለውም» ብሎናል። ውሃችን የሚመጣው 3 ሜትር ስታንድ ላይ ካለ ሮቶ ነው። የቱን እንግዛ? ሰርቪስ ቤት ላሉት ተከራዮችስ ይበቃል?

መልስ፦ ከሻጩ ልጀምር። ያ ምክር ሰው ይገድላል። ጢስ ማውጫ የሌለው ሂተር የተቃጠለውን ጋዝ እዚያው ክፍሉ ውስጥ ነው የሚለቀው። በር ተዘግቶ በሚታጠቡበት ጠባብ ክፍል ኦክስጅን ሲያንስ ካርቦን ሞኖክሳይድ ይፈጠራል። ሽታ የለው፣ ቀለም የለው። ከሰል አስገብተው የተኙ ሰዎች ሞተው ተገኙ ሲባል የምንሰማው በዚሁ ጋዝ ነው። ጢስ ማውጫ ያለውን ይግዙ። እሱንም ቢሆን መታጠቢያ ቤት ውስጥ አይስቀሉት። ውጭ ግድግዳ ላይ፣ ዝናብ የማይመታው ቦታ ይሁን፤ ወደ ውስጥ የሚገባው የሙቅ ውሃው ቧንቧ ብቻ ነው።

የትኛው ግድግዳ? እዚህ ቀን ቀን ከሐይቁ ነፋስ ይነሳል። ሂተሩ ፊቱን ወደ ጣና ካደረገ ነፋሱ ጢሱን መልሶ ይገፋዋል፣ እሳቱንም ያጠፋዋል። ከሐይቁ በተቃራኒ ያለውን ግድግዳ ይምረጡ፤ ከመስኮትም ይራቅ።

ወደ ሊትሩ ስንመጣ፣ ባለ 6 ይበቃችኋል። ባለ 6 ማለት በደቂቃ 6 ሊትር ውሃ በ25 ዲግሪ ያህል ከፍ የሚያደርግ ማለት ነው። ሮቶ ውስጥ ያደረ ውሃ ጠዋት 15 ዲግሪ ቢሆን 40 ይደርሳል፤ ለገላ ከዚያ በላይ ማን ይፈልጋል? ባህር ዳር 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስላለች አየሩ ስስ ነው፤ ካርቶኑ ላይ ከተጻፈው ጉልበት ትንሽ ይቀንሳል። ይቀንስ፤ ከሮቶዎ የሚወርደው ውሃም 6 ሊትር አይሞላም። ባለ 6ቱ በሙሉ እሳት በሰዓት 1 ኪሎ ገደማ ጋዝ ይፈጃል። አራታችሁም 8 8 ደቂቃ ብትታጠቡ በቀን ግማሽ ኪሎ ነው። ባለ 10ሩ እሳቱ ትልቅ ነው፤ ጋዝ ለማስሞላት በሚንከራተቱበት ሰሞን ይቆጩበታል።

አሁን ዋናው ነገር። እነዚህ ሂተሮች የሚለኮሱት በውሃው ግፊት ነው። ውሃው ሂተሩ ውስጥ ያለችውን ስስ ጎማ ገፋ ሲያደርጋት የጋዙ በር ይከፈታል፣ ብልጭታውም ይሰጣል። ግፊቱ ካነሰ ምንም የለም፤ ቀዝቃዛ ውሃ ብቻ ይወርዳል። ብዙ ጊዜ «ሂተሩ ተበላሸ» ተብዬ ስጠራ ሂተሩ ደህና ነው። የሮቶ ውሃ በየ1 ሜትሩ 0.1 ባር ግፊት ይሰጣል። የእርስዎ ስታንድ 3 ሜትር ነው፣ ሂተሩ ከመሬት 1 ሜትር ተኩል ላይ ይሰቀላል። ሮቶው ሙሉ ሲሆን የውሃው ከፍታ ከሂተሩ በላይ 2 ሜትር ተኩል ያህል ይሆናል፤ ሊያልቅ ሲል ግን 1 ሜትር ተኩል ብቻ። አብዛኛው ሂተር ቢያንስ ከ2 እስከ 2 ሜትር ተኩል ይፈልጋል። ስለዚህ ጠዋት ይለኮስና ማታ እምቢ ይላል።

ከመግዛትዎ በፊት ይህን ይሞክሩ። ማታ፣ ሮቶው ሲጎድል፣ ከሻወሩ ሥር ባለ 10 ሊትር ባልዲ ያስቀምጡና ሰዓት ይያዙ። በ3 ደቂቃ ውስጥ ከሞላ ጥሩ ነው። 4 ደቂቃ ካለፈ አይለኮስም። ያኔ ገንዘቡን ስታንዱን 1 ሜትር ከፍ ለማድረግ ያውሉት። ከሮቶው እስከ ሂተሩ ያለው ቧንቧ ግማሽ ኢንች ከሆነም በሦስት አራተኛ ኢንች ያስቀይሩት፤ የቧንቧው መታጠፊያም (ክርኑ) ይቀነስ። ቀዳዳው የደቀቀ የሻወር ራስም ውሃውን ያንቃል። ግፊት መጨመሪያ ፓምፕ ይሠራል፣ ግን መብራት ይፈልጋል። እናንተ ደግሞ የሸሻችሁት መብራቱን ነው።

ሱቅ ውስጥ ጎኑ ላይ የተለጠፈውን ያንብቡ። ዝቅተኛው የውሃ ግፊት 0.02 ሜጋፓስካል የሚለው ለእናንተ ይሻላል፤ 2 ሜትር ማለት ነው። የጋዙ ግፊት 2,800 ፓስካል የሚል ከሆነ ለሲሊንደር ጋዝ የተሠራ ነው። 2,000 የሚል ከሆነ በቧንቧ ለሚመጣ ጋዝ ስለሆነ አይንኩት፤ «ኖዝሉን (ጋዝ የሚረጭበትን ቀዳዳ) እናስተካክለዋለን» ቢሏችሁም። ለትልልቅ የሆቴል ምድጃ የሚሆነውን ባለ ከፍተኛ ግፊት ሬጉሌተርም አይግጠሙለት። መለኮሻው የሚሠራው በሁለት ትልልቅ የባትሪ ድንጋይ ነው፤ መብራት ቢጠፋም ግድ የለውም።

ሲገጠም መጋጠሚያዎቹን ሁሉ በሳሙና አረፋ ይፈትሹ። አረፋው ከተነፋ ጋዝ ይወጣል። ጋዙ ከአየር ስለሚከብድ ወደ ታች ይተኛል፤ ሲሊንደሩን ጉድጓድ ወይም ቱቦ አጠገብ አያስቀምጡ። እሳቱን በሂተሩ ትንሽ መስኮት ይዩት፤ ሰማያዊ መሆን አለበት። ቢጫ ከሆነ ይዝጉና ባለሙያ ይጥሩ። ውሃው ሲፋጅ ደግሞ ቀዝቃዛውን አይክፈቱ፤ በሂተሩ የሚያልፈው ውሃ ያንስና ይጠፋብዎታል። እሳቱን ይቀንሱ። «በጋ» እና «ክረምት» የሚል ማብሪያ ካለው አብዛኛውን ጊዜ እሳቱ አነስ በሚለው በበጋው ላይ ይተዉት።

ለተከራዮቹ አይበቃም። ሁለት ሻወር ባንድ ጊዜ ሲከፈት ያው የሞቀው ውሃ ለሁለት ይከፈልና ለአንዱም አይበቃም። ተራ መግባት ከቻላችሁ ግን፣ ቧንቧው ከ5 ሜትር በላይ እስካልሄደ ድረስ፣ አንዱ ሂተር ሁለቱንም ያገለግላል፤ የጋዙን ሒሳብ ከወዲሁ ተነጋገሩ።