ጆድፑር እንዴት ተቆረቆረች? ጥያቄና መልስ

ስለ ህንዷ ጆድፑር ለጠየቃችሁኝ እነሆ መልሱ። ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ ማን ቆረቆራት?

መልስ፦ ራቶር የተባለው የገዢዎች ጎሳ አለቃ ራኦ ጆዳ፣ በ1459። ከዚያ በፊት መቀመጫቸው ከከተማዋ በስተሰሜን ያለችው ማንዶር ነበረች።

ጥያቄ፦ ማንዶርን ለምን ተዋት?

መልስ፦ አንዴ ተነጥቋታላ! አባቱ ራንማል በ1438 የጎረቤቱ የመዋር መንግሥት መዲና በሆነችው ቺቶር ውስጥ ሲገደል ጆዳ ሸሽቶ በረሃ ገባ፤ የመዋር ሰዎችም ማንዶርን ያዙ። ለማስመለስ 15 ዓመት ገደማ ፈጀበት። ዳግም እንዳይደፈር ገደላማ ኮረብታ መረጠ። እዚያ ያሠራው የሜህራንጋር ምሽግ ዛሬም ከከተማዋ 120 ሜትር ያህል ከፍ ብሎ ይታያል።

ጥያቄ፦ የገንፎው ነገር እውነት ነው?

መልስ፦ አፈ ታሪክ ነው፤ እኔ ግን ከሁሉም እሱን እወዳለሁ። ጆዳ በስደት ላይ ሳለ ርቦት አንድ ገበሬ ቤት ገባ። ባለቤቲቱ ማን እንደሆነ አላወቀችም። ትኩስ ገንፎ አቀረበችለት፤ እሱም መሃሉን ሊዝቅ ሲል ጣቱ ተቃጠለ። «አንተም እንደ ጆዳ ነህ እንዴ? ዳር ዳሩን ትቶ ማንዶርን ካልያዝኩ ይላል» አለችው። ከዚያ በኋላ ከዳር ያሉትን ምሽጎች አስቀደመ ይባላል።

ጥያቄ፦ ኮረብታው ተረግሟል ይባላል?

መልስ፦ ቺሪያ ናትጂ የሚባል ባሕታዊ ነበረበት። ሲያስለቅቁት ውሃ ይጥፋባችሁ ብሎ ረገመ አሉ፤ ጆዳም ቤተ መቅደስ ሠርቶ ሊያባብለው ሞከረ። ለእኔ ግን በታር በረሃ ዳር ውሃ ለመጥፋቱ ባሕታዊ አያስፈልግም።

ጥያቄ፦ ሰው ከነሕይወቱ ተቀብሯል የሚባለውስ?

መልስ፦ ራጂያ ባምቢ ይባላል። ትውፊቱ እንደሚለው እርግማኑን ለማክሸፍ ምሽጉ መሠረት ውስጥ በፈቃዱ ተቀበረ፤ ለቤተሰቡም መሬት ተሰጠ። መታሰቢያ ድንጋዩ እዚያው ምሽጉ ውስጥ አለ። «በፈቃዱ» የሚለው ግን አይዋጥልኝም። ሰውየው ከተናቀው ወገን ነው። ንጉሥ እየጠበቀው እምቢ ማለት ይችል ነበር?

ጥያቄ፦ ቤቶቹ ለምን ሰማያዊ ሆኑ?

መልስ፦ የካህናቱ ወገን የብራህሚኖች ምልክት ነው የሚል አለ፣ ምስጥን ለመከላከል ነው የሚልም አለ፣ ሙቀትን ለመቀነስ ነው የሚልም አለ። የፈለጋችሁትን ምረጡ።

ጥያቄ፦ ቢካነር የምትባለውን ከተማ ከጆድፑር ጋር ምን ያገናኛታል?

መልስ፦ የጆዳ ልጅ የቢካ ከተማ ናት። ቢካ ችሎት ላይ ከአጎቱ ጋር ሲንሾካሾክ አባቱ አየና «አዲስ አገር ልትይዙ ነው እንዴ?» ብሎ ቀለደበት ይባላል። ልጁ የምር ወሰደው። በ1465 ወጣ፤ በ1488 ቢካነርን ቆረቆረ።