የሙዝ መስኖ ስሌት፦ አደጋው ያለው ሚያዝያ ላይ ነው

ወንድሜ፣ «አራት ኪሎ ሆኜ አርባ ምንጭ ላለው የቤተሰብ ሙዝ የመስኖ ውሃና ምርት እንዴት ልገምት? ዝናቡ በየዓመቱ ይለያያል» ብለህ ጠይቀሃል። ሥራዬ መስኖ ስለሆነ የለመድኩትን ልንገርህ።

መጀመሪያ የአዲስ አበባን ሰማይ እርሳው። እዚህ ዶፉ የሚወርደው ሐምሌና ነሐሴ ነው። አርባ ምንጭ ግን ዋናው ዝናብ ሚያዝያና ግንቦት ይጥላል፤ መስከረምና ጥቅምት ደግሞ ይመለሳል። ቤተሰብ «ዘነበ ወይ?» ብሎ ከፒያሳ ሲደውል ብዙ ጊዜ ወሩን ይስታል።

የዓመት አማካይ ዝናብ ይዘህም አታስላ። ከሜትሮሎጂ የ20 ዓመት ወርሃዊ መረጃ ጠይቅ። ለእያንዳንዱ ወር ከ10 ዓመት በ8ቱ ቢያንስ የሚገኘውን ዝናብ ያዝ። ዕቅድህ የሚቆመው በሱ ላይ ነው።

አሁን ስሌቱ። የአካባቢው ትነት በቀን 5 ሚሊ ሜትር ነው እንበል። ፍሬ የያዘ ሙዝ የዚህን 1.1 እጥፍ ይጠጣል፤ በወር 165 ሚሊ ሜትር ማለት ነው። ከዚህ ላይ ሥሩ ጋ የሚደርሰውን ዝናብ ቀንስ። የቀረውን ለ0.6 አካፍል፤ በቦይ ሲጠጣ ብዙ ውሃ መንገድ ላይ ይቀራል። 1 ሚሊ ሜትር በሄክታር 10 ሜትር ኩብ ነው።

ጥር ላይ ጠብ ባይል በሄክታር 2,750 ሜትር ኩብ ያስፈልግሃል። 20 ሚሊ ሜትር ቢዘንብም ወደ 2,430 ብቻ ነው የሚወርደው። ሚያዝያን ግን እየው። 150 ሚሊ ሜትር ከዘነበ 114ቱ ይጠቅማል፤ መስኖው 850 ሜትር ኩብ ይበቃዋል። 50 ብቻ ከዘነበ ግን ወደ 1,980 ይዘላል፤ ከእጥፍ በላይ! ሙዝ የሚጎዳው እዚህ ላይ ነው። ጥር ደረቅ መሆኑን ሁሉም ስለሚያውቅ ውሃ ይያዝለታል። ሚያዝያ ላይ ግን «ይዘንባል» ተብሎ ቦዩ ይዘጋል። እባክህ ለዚያ ወር የመስኖ ውሃ ተራችሁን አትልቀቁ።

ምርቱን በተመለከተ፣ ሙዝ ውሃ ሲያጣ አይታገስም። ከሚያስፈልገው 20 በመቶ ካጣ ምርቱ ከ24 እስከ 27 በመቶ ይወርዳል። ጊዜውም ይለያል። አበባ ከማውጣቱ በፊት ከተጠማ የፍሬው ቁጥር ያንሳል። ዘለላው ከወጣ በኋላ ከሆነ ፍሬው ይቀጥናል፤ የአትክልት ተራ ነጋዴ ደግሞ ቀጭኑን በደህና ዋጋ አያነሳልህም።

መጽሐፍ ላይ በሄክታር ከ40 እስከ 60 ቶን የሚል ታገኛለህ። እሱ በደንብ ለተያዘ የመስኖ ሙዝ ነው፤ የብዙ አርሶ አደር ማሳ በጣም ያንሳል። ስለዚህ ውሃ በበቃበት ዓመት የተቆረጡ ዘለላዎችን አስመዝን፣ አማካዩን በግንዱ ብዛት አባዛ፣ የውሃው ጉድለት የሚያመጣውን የምርት ቅናሽ ከዚያ ላይ ቀንስ።

ክሮፕዋት የሚባለው የፋኦ (የተባበሩት መንግሥታት የምግብና እርሻ ድርጅት) ሶፍትዌር ይህን ሁሉ ይሠራልሃል፤ ነፃ ነው። የአፈሩን ዓይነትና የቦዩ ተራ በስንት ቀን እንደሚደርሳችሁ ግን ሶፍትዌሩ አያውቅም። የሙዝ ሥር ጥልቀት የለውም፤ አፈሩ አሸዋማ ከሆነ ተራው ሲረዝም በመሃል ይደርቃል። ሁለቱን ጠይቀህ እዚሁ ጻፍልን፣ አብረን እናሰላዋለን።