ስለ ሆዳችን የጠየቃችሁኝና የመለስኩት

ደሴ መድኃኒት ቤት ውስጥ ነው የምሠራው። ስለ ጨጓራና አንጀት የፈለጋችሁትን ጠይቁ ብዬ ነበር፣ ጥያቄው እንደ ክረምት ጎርፍ ወረደብኝ። የሚመሳሰሉትን አንድ ላይ አድርጌ እመልሳለሁ። ሳላያችሁ ግን በሽታችሁ ይህ ነው ልላችሁ አልችልም።

ከኮምቦልቻ፦ «የጨጓራ ባክቴሪያ አለብህ ተብዬ መድኃኒቱን በሥርዓት ጨረስኩ። ከሁለት ወር በኋላ ለምርመራ ደም ስሰጥ አሁንም ፖዘቲቭ ነህ አሉኝ። ድጋሚ ልጀምር?»

ቆይ፣ አትጀምር። የደም ምርመራው ባክቴሪያውን አያይም። የሚያየው ሰውነትህ ባክቴሪያውን ለመዋጋት የሠራውን ፀረ እንግዳ አካል ነው። ባክቴሪያው (ስሙ ኤች ፓይሎሪ ነው) ከጠፋ በኋላም ይህ ነገር ለወራት፣ አንዳንዴም ለዓመታት ደም ውስጥ ይቆያል። ስለዚህ ዳንኩ ወይስ አልዳንኩም የሚለውን የሚመልስልህ የሰገራ አንቲጂን ምርመራ ነው፤ እሱ የባክቴሪያውን የራሱን አካል ሰገራ ውስጥ ይፈልጋል። እሱንም ቢሆን አንቲባዮቲኩን ከጨረስክ ቢያንስ ከ4 ሳምንት በኋላ አድርገው። የጨጓራ አሲድ የሚቀንሰውን ኦሜፕራዞል የምትወስድ ከሆነ ሐኪምህን ጠይቀህ ከ2 ሳምንት በፊት አቁም፤ አለበለዚያ ባክቴሪያው እያለ «የለም» ሊል ይችላል። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ነው የሚሳሳተው። በአንድ የደም ውጤት የተነሳ ሦስት ጊዜ አንቲባዮቲክ የዋጡ ሰዎች መጥተውብኛል።

ከደሴ፦ «እናቴ ጨጓራዬን ያሳመመኝ ያንተ ንዴት ነው ትለኛለች። እውነት ነው?»

በዚህ ጉዳይ እናትህን አልከራከርልህም። ንዴት ሕመሙን ያባብሰዋል። የጨጓራ ቁስልን በብዛት የሚያመጡት ግን ኤች ፓይሎሪና የሕመም ማስታገሻዎች ናቸው፤ ዳይክሎፌናክ፣ አይቡፕሮፌን፣ አስፕሪን። እናትህ ለጉልበቷ የምትወስደው ነገር ካለ እሱን ተመልከት። ድሮ ሐኪሞችም እንደ እናትህ ነበር የሚያስቡት። አውስትራሊያዊው ሐኪም ባሪ ማርሻል ጥፋቱ የባክቴሪያ ነው ሲል የሚያምነው ቢያጣ እ.ኤ.አ. በ1984 ባክቴሪያውን ራሱ ጠጥቶ ጨጓራውን ታመመ። እ.ኤ.አ. በ2005 ከሥራ ባልደረባው ከሮቢን ዋረን ጋር ኖቤል ተሸለሙ። በርበሬም ቢሆን የቆሰለውን ያቃጥላል እንጂ ቁስል አይፈጥርም።

ከሐይቅ፦ «እንጀራ የቦካ ስለሆነ ጥሩ ባክቴሪያ አለው ይባላል። እርጎስ?»

እርሾው ውስጥ ሞልቷል። ምጣዱ ላይ ግን ያልቅለታል። ይህ ማለት ግን መቡካቱ ከንቱ ነው ማለት አይደለም። ቡኮው እህሉ ውስጥ ያለውን ብረትና ዚንክ ሰውነታችን በቀላሉ እንዲወስደው ያደርጋል። ከዚያ ደግሞ የጤፉ፣ የማሽላው፣ የምስሩና የሽሮው አሰር ሳይፈጭ ትልቁ አንጀት ይደርሳል። እዚያ ያሉት ባክቴሪያዎች እሱን በልተው የአንጀትን ግድግዳ የሚመግቡ አሲዶች ይሠራሉ። ብዙ የበሽታ መከላከያ ሴሎች እዚያው አንጀት አካባቢ ስለሚኖሩ፣ እነዚህ አሲዶች እነሱንም ያረጋጓቸዋል። እኔን ከጠየቃችሁኝ፣ ውድ የባክቴሪያ እንክብል ከመግዛት ምስር መግዛት ይሻላል።

እርጎ ሕያው ባክቴሪያ አለው። ካልተፈላ ወተት የተሠራ ከሆነ ግን ብሩሴሎሲስ የሚባለውን ከከብት የሚተላለፍ የትኩሳት በሽታና የከብት ቲቢ ሊያመጣ ይችላል። መቡካቱ ብቻውን አያድናችሁም። ወተቱን አፍሉት፣ ለብ እስኪል አቀዝቅዙት፣ ከዚያ ከጥሩ እርጎ አንድ ማንኪያ ጨምሩበት። ዕቃውን በወይራ ማጠናችሁን አትተዉ፤ ለጣዕሙም ለንጽሕናውም ነው።

ከደሴ፦ «ጉንፋን ሲይዘኝ አሞክሳሲሊን ገዝቼ እወስዳለሁ። ግን ሆዴን ያስቀምጠኛል። ከምን ጋር ልውሰደው?»

ከምንም ጋር አትውሰጂው። ጉንፋን ቫይረስ ነው፣ አሞክሳሲሊን አይነካውም። የሚነካው የአንጀትሽን ባክቴሪያ ነው። እነሱ ቦታውንና ምግቡን ስለያዙ ነው መጥፎው ባክቴሪያ የማይመቸው። ሲመናመኑ ተቅማጡ ይመጣል። ይህን ስናገር ደንበኛ ሊቀየመኝ ይችላል፤ ከመሸጥ ግን ይህ ይሻለኛል። ሐኪም ያዘዘልሽ ከሆነ ደግሞ ተሻለኝ ብለሽ ከመሀል አታቋርጪ። ተቅማጡ ደም ካለው ቶሎ ታዪ።

ከወልዲያ፦ «አራስ ነኝ። አማቴ ልጁ ቅቤ ይቅመስ ትላለች። እንቢ ማለት ከበደኝ።»

እንኳን ደስ ያለሽ! አብሽሪ፣ ጠብ አያስፈልግም። ቅቤው ለአንቺ ገንፎ ይሁን በያት። ለልጁ እስከ 6 ወር የጡት ወተት ብቻ፤ ውኃም ቢሆን አይጨመር። እንገሩን አትድፊው፣ በሽታ የሚከላከል ነገር የሞላው እሱ ነው። የጡት ወተት ውስጥ ሕፃኑ ራሱ የማይፈጨው የስኳር ዓይነትም አለ። አንጀቱ ውስጥ ላሉት ጥሩ ባክቴሪያዎች የተዘጋጀ ምግብ ነው። እኔ ይህን ሳነብ ነው የተደነቅኩት።

ከከሚሴ፣ አንድ አባት፦ «ዱዓ ላይ ጫት እቅማለሁ። ሆዴ ይደርቃል። ከሱ ይሆን?»

አዎ አባባ፣ ጫት ሆድ ያደርቃል፣ የምግብ ፍላጎትም ይዘጋል። በቃሙ ቀን ውኃ በርከት አድርገው ይጠጡ። ምግብም አይዝለሉ፤ አጥሚትም ቢሆን ይቅመሱ። ሰገራዎ ላይ ደም ካዩ፣ ወይም ሳይፈልጉ ከከሱ ግን ምክንያቱ ሌላ ሊሆን ስለሚችል ሆስፒታል ሄደው ይመርመሩ።