ዝም ብሎ መሥራት አያዋጣም

ሰሞኑን አንዲት ልጅ ደወለችልኝ። ሁለት የሥራ ኦፈር ይዛለች። አንዱ ስሙን ሁሉም የሚያውቀው ትልቅ ድርጅት ነው። ሌላው በአንድ ዓመት ከሃያ ሰው ወደ ሰማንያ ያደገ የሶፍትዌር ስታርታፕ፣ ማለትም ገና ጀማሪ ድርጅት። «የቱ ይሻለኛል?» አለችኝ።

«ስታርታፑ ስንት ሼር አለው?» አልኳት።

«ለእኔ አሥር ሺህ ይሰጡኛል።»

«ያንቺን አይደለም፤ የድርጅቱ ጠቅላላ ስንት ነው?»

ዝም አለች። አልጠየቀችም።

አልፈረድኩባትም። እኔም የዛሬ ስንት ዓመት አስራ ዘጠነኛ ሠራተኛ ሆኜ ስገባ አልጠየቅኩም። የቅጥር ደብዳቤው ላይ ያለውን የሼር ቁጥር በሆነ ዋጋ አባዝቼ፣ በሐሳቤ ቤት ገዝቼ፣ ፈረምኩ። መጠየቅ ስግብግብነት መስሎኝ ነበር። አሥር ሺህ ሼር ከአሥር ሚሊዮን ውስጥ ከሆነ 0.1 በመቶ ነው። ከመቶ ሚሊዮን ውስጥ ከሆነ 0.01 በመቶ። ደብዳቤው ላይ ግን ሁለቱም «አሥር ሺህ» ነው የሚሉት።

አሜሪካ ያላችሁ ደግሞ ይህን ልብ በሉ። ስቶክ ኦፕሽን ሲሰጣችሁ ሼሩ በእጃችሁ ገባ ማለት አይደለም። በተወሰነ ዋጋ የመግዛት መብት ነው። መብቱም ባብዛኛው በ4 ዓመት ውስጥ ቀስ በቀስ ነው የእናንተ የሚሆነው። የመጀመሪያው ዓመት ሳይሞላ ከወጣችሁ ባዶ እጃችሁን ነው። ከዚያ በኋላ ብትወጡም ብዙ ድርጅቶች የሚሰጧችሁ 90 ቀን ብቻ ነው፤ በዚያ ጊዜ ካልገዛችሁ ይቃጠላል። የመግዣው ዋጋ 2 ዶላር ከሆነ አሥር ሺውን ለመግዛት 20,000 ዶላር ከኪስ ማውጣት ነው። ታክሱ ሌላ ጣጣ ነው። ያውም ገበያ ላይ ለማትሸጡት ወረቀት። ድርጅቱ ቢሸጥ እንኳ ባብዛኛው ኢንቬስተሮቹ ናቸው ቀድመው ገንዘባቸውን የሚያነሱት፤ የተረፈ ካለ ነው ለእናንተ የሚደርሰው።

አዎ፣ ዋትስአፕ እ.ኤ.አ. በ2014 በ19 ቢሊዮን ዶላር ሲሸጥ ሠራተኞቹ ሃምሳ ምናምን ነበሩ። ይህን ታሪክ ሁሉም ያውቀዋል፤ ስለተዘጉት ግን የሚያወራ የለም። ስለዚህ ሼሩን እንደ ሎተሪ ቁጠሩት። በደሞዙ መኖር ከቻላችሁ ግቡ።

ሥራውስ? እውነቱን ለመናገር እንደዚያ ደስ ብሎኝ የሠራሁበት ጊዜ የለም። አንድ ቀን ስልኩን የሚያነሳ ጠፍቶ እኔ አነሳሁት። ደንበኛው ደረሰኙ ሁለት ጊዜ እንደሚወጣበት ነገረኝ። እሱ መስመር ላይ እያለ ኮዱን ከፈትኩ፣ አገኘሁት፣ አስተካክዬ ለቀቅኩት። «አሁን ሞክረው» አልኩት። ሳቀ። ትልቅ ድርጅት ውስጥ ይህቺ ነገር ሦስት ሚቲንግና ሁለት ሳምንት ትፈጃለች።

ግን እንዲህ ያለው ጊዜ አይቆይም። አሥር ሰው ስትሆኑ፣ ሁሉም ከሁሉም ጋር የሚያወራበት መስመር 45 ነው። ሃምሳ ስትሆኑ 1,225 ይሆናል። ሰው አምስት እጥፍ ሲጨምር ውዥንብሩ ሃያ ሰባት እጥፍ ይጨምራል። ትናንት አጠገባችሁ የሚቀመጠው መሥራች ዛሬ በቀጠሮ ነው የሚገኘው። በአንድ ዓመት ውስጥ አራት ማናጀር ተፈራርቆብኛል። አራተኛው መጥቶ «አንተ እዚህ ምንድነው የምትሠራው?» አለኝ። ክፋት አልነበረውም፤ ከልቡ ነው የጠየቀኝ። የደረሰኙን ነገር ከእኔ በቀር የሚያውቅ አልነበረም።

አብዛኞቻችን «ሥራህ ይናገርልሃል» ተብለን ነው ያደግነው። ባለበት በሚቆይ ቤት ይሆን ይሆናል። በየስድስት ወሩ ሰው በሚቀያየርበት ቤት ግን ሥራ አፍ የለውም። ከዚያ ወዲህ ዓርብ ዓርብ አምስት መስመር እጽፋለሁ፦ ምን ሠራሁ፣ ለማን ጠቀመ፣ ምን ቀረ። ለማናጀሬ እልካለሁ፤ አንድ ኮፒ ለራሴ አስቀራለሁ። መጀመሪያ ሰሞን ጉራ እየመሰለኝ ያሳፍረኝ ነበር። አሁን ለምጄዋለሁ።

ከሁሉ የባሰው ዝምታ ግን ስህተት ስንሠራ ዝም የምንለው ነው። የራሴን ላውራችሁ።

ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ነው። ተረኛ እኔ ነኝ። ስክሪኑ ላይ ሁለት ጥቁር መስኮት ከፍቻለሁ፤ አንዱ የሙከራው ዳታቤዝ (የመረጃ ቋት)፣ ሌላው ደንበኞች የሚጠቀሙበት። መሰረዣውን ትእዛዝ ጻፍኩና ተጫንኩ። ሙከራው ላይ «ይህን ያህል መዝገብ ተሰርዟል» ብሎ መመለስ የነበረበት ቁጥር አሥራ ሁለት ነው። የመጣልኝ ዘጠኝ ሺህ ምናምን። እጄ በረዶ ሆነ። መስኮቱን ደግሜ አየሁት። የተሳሳተው መስኮት ነው።

ለማንም አልተናገርኩም። ሳይነጋ፣ ሰው ሳያይ ራሴ አስተካክለዋለሁ ብዬ ታገልኩ። አርባ ደቂቃ። በዚያ መሀል ማስጠንቀቂያው የቀሰቀሳቸው ሁለት ባልደረቦቼ ችግሩን ሌላ ቦታ ይፈልጋሉ፤ ደህናውን ሰርቨር ያነሳሉ ይጥላሉ። በመጨረሻ ላቤ እየወረደ ጻፍኩላቸው። አንደኛዋ በሩብ ሰዓት ውስጥ ከባክአፕ፣ ከመጠባበቂያው ቅጂ፣ መለሰችው። ጠዋት እባረራለሁ ብዬ ላፕቶፔን ሳይቀር አጽድቼ ነበር የጠበቅኩት። መሥራቹ የጠየቀኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፦ «አርባውን ደቂቃ ለምን ብቻህን?» መልስ አልነበረኝም።

እንዲህ ያለ ነገር ከእኔ የባሰ የደረሰባቸውም አሉ። እ.ኤ.አ. በ2017 ጃንዋሪ መጨረሻ ላይ ጊትላብ በሚባለው፣ ፕሮግራመሮች ኮዳቸውን በሚያስቀምጡበት ድርጅት ውስጥ አንድ ኢንጂነር በተሳሳተው ሰርቨር ላይ የዳታቤዙን ፋይል ሰረዘ። ከ300 ጊጋባይት የተረፈው 4.5 ነበር። አምስት ዓይነት መጠባበቂያ አለን ይሉ ነበር፤ በክፉው ቀን የሚታመን አንድም አልተገኘም። እንደ አጋጣሚ ከስድስት ሰዓት በፊት የተነሳ ቅጂ አዳናቸው። ድርጅቱ ነገሩን አልደበቀም። የጥገናውን ሥራ በቀጥታ ስርጭት አሳየ፤ በኋላም የሆነውን አንድ በአንድ ጽፎ አወጣ። የጻፉት «ማን ነው ያጠፋው» ብለው ሳይሆን «እንዴት ሊጠፋ ቻለ» ብለው ነው። ኢንተርቪው ላይ «መጨረሻ ጊዜ ሲስተማችሁ የወደቀ ዕለት ምን ተደረገ?» ብላችሁ ጠይቁ። የሰው ስም እየጠሩ ከመለሱላችሁ ሁለቴ አስቡበት።

ሌላም ጥያቄ አለ፦ «በእጃችሁ ያለው ገንዘብ ስንት ወር ያስኬዳችኋል?» በፍጥነት የሚያድግ ድርጅት ብዙ ጊዜ የሚያድገው በኢንቬስተር ገንዘብ ነው። ገንዘቡ ሲያጥር ትናንት ሰው ፍለጋ ሲራወጥ የነበረው ድርጅት ዛሬ ሰው ይቀንሳል። አሜሪካ በኤች ዋን ቢ፣ ከቀጣሪ ጋር በተያያዘው የሥራ ቪዛ፣ ያላችሁ ልጆች ይህ ከሌላው በላይ ይመለከታችኋል። ሥራው ሲቋረጥ ቢበዛ 60 ቀን ነው የሚሰጣችሁ፤ በዚያ ውስጥ ሌላ ቀጣሪ ማመልከቻ ካላስገባላችሁ ወይ ቪዛ መቀየር ነው ወይ መውጣት። ግሪን ካርድ ያለው ጓደኛችሁ «ግባ፣ ምን ትፈራለህ» ቢላችሁ፣ እሱ የሚያጣው ደሞዝ ነው። እናንተ የምታጡት ሌላ ነው።

ልጅቷ ከሁለት ቀን በኋላ መልሳ ደወለች። ጠይቃቸዋለች። ሰማንያ ሚሊዮን ሼር ነው ብለዋታል፤ ገንዘቡም አሥራ አራት ወር ያስኬዳል። «ተቆጡብሽ?» አልኳት። «ኧረ፣ እንዲያውም ጥሩ ጥያቄ ነው አሉኝ።» ስታርታፑን መርጣለች። ሼሩን ትታ ደሞዙን አስጨምራ ነው የፈረመችው።