መልስ፦ ነፋሱ ጋብ ሲል መውጣት ይቻላል ወይ?

ታይፉን እንዴት እንደሚፈጠርና ነፋሱ በድንገት ጸጥ ሲል መውጣት ይቻል እንደሆነ ጠይቀዋል። ታይፉን በሰሜን ምዕራብ ፓስፊክ፣ ሙቀቱ ከ26 ዲግሪ በላይ ከሆነ ባሕር የሚነሣው እርጥብ አየር ወደ ደመና ሲለወጥ በሚለቀው ሙቀት እየበረታ፣ በምድር መሽከርከር ምክንያት እየተጠማዘዘ የሚያድግ ማዕበል ነው። ጸጥታው የማዕበሉ ዓይን፣ ማለትም ነፋስ የማይበረታበት መካከሉ፣ በላይዎ እያለፈ ስለ መሆኑ ምልክት ሊሆን ስለሚችል አይውጡ፤ ነፋሱ ከተቃራኒው አቅጣጫ ይመለሳል።

እኔ ግን ይበልጥ የምፈራው ውኃውን ነው። እ.ኤ.አ. በ2013 ሃያን የተባለው ታይፉን ፊሊፒንስን ሲመታ፣ በታክሎባን ከተማ ባሕሩ 5 ሜትር ገደማ ከፍ ብሎ በመግባት መጠለያ የተባሉ ሕንፃዎችን ሳይቀር አጥለቅልቋል። ስለዚህ የባሕር ዳርቻ ነዋሪ ከሆኑ፣ የቤትዎ ግንብ የቱንም ያህል ጠንካራ ቢሆን፣ ትእዛዝ እንደ ተሰጠ ወደ ከፍታ ቦታ ይሂዱ። መስታወቱ እንዳይሰበር ብሎ መስኮት ላይ ፕላስተር መለጠፍም ከንቱ ድካም ነው።