ሳይዘንብብን ወንዙ ለምን ሞላ?

ጥያቄ፦ ክቡር አዘጋጅ፣ የምኖረው ከደምበጫ ብዙም በማይርቅ ቀበሌ፣ በተምጫ ወንዝ ዳር ነው። ባለፈው ነሐሴ አንድ ቀን አመሻሽ ላይ፣ በእኛ በኩል ጠብታ ሳይወርድ፣ ከብቶቻችን መልካውን ሲሻገሩ ደራሽ ውሃ መጥቶ ሁለት ጊደሮች ወሰደብን። እረኛው ልጅ ለጥቂት ተረፈ። አሁን ከመንደሩ ወጣቶች ጋር ተመካክረን ድንጋይ ላይ ምልክት ቀብተን ውሃውን በተራ ልንጠብቅ አስበናል። ይህ ይበቃናል?

መልስ፦ ከሁሉ በፊት ልጁ እንኳን ተረፈላችሁ። ሐሳባችሁ መልካም ነው፤ ነገር ግን ምልክቱ እናንተ መልካ ላይ ብቻ ከሆነ፣ ውሃው መምጣቱን የምታውቁት ከደረሰ በኋላ ይሆናል። ጠባቂው መቆም ያለበት ከላይ ነው።

ተምጫ የሚነሣው ከጮቄ ተራራ ሲሆን፣ የጮቄ ጫፍ ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍታ ሲኖረው ደምበጫ ግን በ2,000 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች። በዚህ ቁልቁለት ላይ የወረደ ዝናብ የሚቆይበት ቦታ የለውም። በ1 ካሬ ኪሎ ሜትር መሬት ላይ የሚወርድ 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ 1,000 ሜትር ኩብ ውሃ ነው። ስለዚህ በ50 ካሬ ኪሎ ሜትር ተዳፋት ላይ 30 ሚሊ ሜትር ቢዘንብና ግማሹ በሁለት ሰዓት ውስጥ ወንዝ ቢገባ፣ በየሰከንዱ 100 ሜትር ኩብ ያህል ውሃ በመልካችሁ ያልፋል ማለት ነው፤ ሰማያችሁ ጥርት ያለ ቢሆን እንኳ። ሐምሌ 29 ቀን 1998 ዓ.ም. ሌሊት ድሬዳዋን የመታትና ከ200 በላይ ሰዎችን የገደለው ጎርፍም ውሃውን ያመጣው በዋናነት ከከተማይቱ በላይ ካሉት ደጋዎች ነበር፤ የደጫቱ ወንዝ አብዛኛውን ጊዜ ደረቅ አሸዋ መሆኑ ማንንም አላዳነም።

ጎርፍ በእንዲህ ያለ ቁልቁለት በሰከንድ 2 ወይም 3 ሜትር ሊጓዝ ይችላል፤ በሰዓት ከ7 እስከ 11 ኪሎ ሜትር መሆኑ ነው። 20 ኪሎ ሜትር ከፍ ብሎ የዘነበ ዝናብ እናንተ ዘንድ እስኪደርስ ሁለት ሰዓት ያህል ይወስዳል ማለት ነው። ይህ ጊዜ ከብት ለመመለስ፣ ልጆችን ከመልካ ለማራቅ፣ የተወቃ እህል ለማንሣት ይበቃል፤ ነገር ግን ከላይ ያለ ሰው ካልነገራችሁ ጊዜው ለእናንተ እንዳልነበረ ነው።

ምናልባት «መንግሥት ወንዞችን ይለካ የለም ወይ?» ትሉ ይሆናል። ይለካል፤ በዋና ዋና ወንዞች ላይ በሴንቲ ሜትር የተከፋፈለ ሰሌዳ ይቆማል፣ የተመደበ ሰውም በተለመደው አሠራር ጠዋትና ማታ 12 ሰዓት ላይ አንብቦ ይመዘግባል። ይህ መዝገብ ለመስኖና ለግድብ ጥናት እጅግ ጠቃሚ ነው። የክረምት ዶፍ ግን ብዙ ጊዜ ከቀትር በኋላ ስለሚወርድ፣ የጎርፉ ጫፍ በሁለቱ ንባቦች መካከል፣ በጨለማ መጥቶ ያልፋል። በኔ እምነት የመንደር ጥበቃ ቦታ የሚኖረው እዚህ ክፍተት ላይ ነው።

ምልክታችሁን በሚናድ ዳርቻ ላይ ሳይሆን በጽኑ አለት ወይም በድልድይ ምሰሶ ላይ አድርጉት። ዜሮው በበጋ ወንዙ እጅግ ሲጎድል ከሚደርስበት በታች ይሁን፤ ከዚያ በየ10 ሴንቲ ሜትሩ ቀቡ። ከቁጥሩ ይልቅ ግን ቁጥሩ ምን ማለት እንደሆነ ሁሉም ይወቅ፦ የትኛው ላይ ሲደርስ መልካው ይዘጋል፣ የትኛው ላይ የታችኛው ማሳ ይጥለቀለቃል፣ የትኛው ላይ የዳር ቤቶች ሰው ያስወጣሉ። ሽማግሌዎች ጎርፍ እስከዚህ ደርሶ ነበር የሚሉትን ቦታም ለይታችሁ አኑሩ። ደለል የወንዙን ወለል ስለሚለውጠው ከእያንዳንዱ ትልቅ ሙላት በኋላ ምልክቱን ፈትሹት።

ከከፍታው በላይ የሚናገረው የአጨማመሩ ፍጥነት ነው። ጮቄ ላይ ጥቁር ደመና ባያችሁ ጊዜ በየሩብ ሰዓቱ አንብቡ፤ በአንድ ሩብ ሰዓት ውስጥ አንድ ክንድ ከጨመረ ሌላ ማስረጃ አትጠብቁ። ቀለሙ ድንገት ከደፈረሰ፣ ሥርና ቅርንጫፍ ማምጣት ከጀመረ፣ ከላይ ጉርምርምታ ከተሰማም እንዲሁ። በክረምት መካከል ውሃው ያለ ምክንያት ከጎደለ ደግሞ ይበልጥ ፍሩ፤ ከላይ የተናደ ገደል ወንዙን ዘግቶት ሊሆን ይችላልና፣ የታቆረው ውሃ ሰብሮ ሲወጣ ከማንኛውም ዶፍ የከፋ ነው።

ከላይኛው ቀበሌ ዘመድ ወይም አበልጅ ያለው ሰው በመካከላችሁ አይጠፋም። አፉና ታቹ እኩል የሰፋ ጣሳ ደጃፉ ያስቀምጥና፣ ዶፍ ሲያባራ የተጠራቀመውን ውሃ ጥልቀት በማስመሪያ ለክቶ ይደውልላችሁ። ስልክ በማይሰራበት ጊዜ ጥሩምባ አለ፤ ነገር ግን አነፋፉ ለለቅሶ ከሚነፋው የተለየ ይሁንና ከሰኔ በፊት በዕድር ስብሰባ ላይ ተነፍቶ ሁሉም ይስማው። አንድ ነገርም ልጨምር፦ በሰኔ ምንም ያላደረሰ ዝናብ በነሐሴ ይጎዳል። ሜዳው ላይ ያለው ዋልካ በበጋ ስለሚሰነጠቅ የመጀመሪያውን ውሃ ይውጣል፤ ከጠገበና ካበጠ በኋላ ግን የሚዘንብበትን ሁሉ ወደ ወንዝ ይሸኛል።

እረኞቹን በተመለከተ፣ የሚሮጥ ውሃ ቁርጭምጭሚትን አልፎ ሲወጣ፣ 15 ሴንቲ ሜትር ያህል ብቻ ቢሆንም፣ አዋቂን ሰው ሊጥል እንደሚችል አጥብቃችሁ ንገሯቸው። የውሃው ፍጥነት እጥፍ ሲሆን ግፊቱ አራት እጥፍ ይሆናል። ጊደር ይተካል።

ጥያቄ፦ ከደብረ ማርቆስ ወጣ ብሎ በጨሞጋ ወንዝ በኩል ቤት ልሠራ ነው። በ100 ዓመት አንዴ የሚመጣው ጎርፍ በቅርቡ ስላለፈ እኔን አያሰጋኝም ይሉኛል። እውነት ነው?

መልስ፦ አይደለም። «የ100 ዓመት ጎርፍ» ማለት በየትኛውም ዓመት የመምጣት ዕድሉ ከመቶ አንድ የሆነ ጎርፍ ማለት ነው፤ ዘንድሮ መጥቶ ከርሞም ሊደገም ይችላል። በ30 ዓመት ውስጥ ቢያንስ አንድ ጊዜ የመድረስ ዕድሉ ከመቶ 26 ገደማ ነው። ባለፈው ጎርፍ ጊዜ ገለባና ደለል የቀረበትን መስመር ከጎረቤቶችዎ ጋር ሄደው ይዩ፤ መሠረቱንም ከዚያ በላይ ያውጡት።